ያልሞተው የድንች ምች

ባለፈው ክረምት ከሐረር ወጣ ብሎ ባለው የአጎቴ ማሳ የድንቹን ቅጠል ገልብጬ ሳየው፣ መድኃኒት ከተረጨ ሳምንት ሳይሞላው በጠቆረው ቦታ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ወጥቶበት ነበር። አጎቴ «በውሃ በርዘው ሸጡልኝ» አለ፤ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን ሌላ ነገር ጠረጠርሁ። በሽታው (በጥብቅ አነጋገር እውነተኛ ፈንገስ ባይሆንም) መድኃኒቱን «የሚለምደው» እንደሚባለው አይደለም፤ ከሚራባባቸው እልፍ አእላፍ ደቃቅ ቅንጣቶች (ስፖሮች) መካከል በአጋጣሚ የዘረ መል ለውጥ የያዙ ጥቂቶች አስቀድመው ይኖራሉ፣ አንዱ መድኃኒት በተደጋገመ ቁጥርም ሌላው እየሞተ እነርሱ ብቻ ይራባሉ። በ1980 እ.ኤ.አ. በአየርላንድና በኔዘርላንድስ ሜታላክሲል የተባለው የምች መድኃኒት ድንችን ማዳን ያቃተው በዚሁ መንገድ ነበር። ማንኮዜብ የተባለው ሌላ መድኃኒት በአንጻሩ የበሽታውን ሕዋስ በብዙ ቦታ ስለሚመታ፣ አንድ ለውጥ ብቻውን አያስመልጥም። አጎቴ ሦስት ዓመት ሙሉ የረጨው ግን ሜታላክሲልን ብቻ ነው።