የመቶ አዛዡ ደብተር

አያቴ ስለ ኮሪያ ዘመቻ ሲጠየቁ ከተኩስ አስቀድመው የሚያነሱት ካልሲ ነበር። እንግዳው ጀብዱ ለመስማት ጓጉቶ ሲጠብቅ እርሳቸው እርጥብ ካልሲ በሆድ ላይ አጣብቆ ስለ ማድረቅ ያስረዳሉ። «እግረኛ ጦር ይባላል እኮ፤ እግሩ ከሄደ ምን ቀረው?» ይላሉ። ልጅ ሆኜ ጦርነቱን የሸሹት ይመስለኝ ነበር። አሁን ደብተራቸውን ሳነብ ግን ዋናውን ሥራቸውን እየነገሩን እንደነበር ይገባኛል።

የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር የሆነው የክብር ዘበኛ እጩ መኮንን ሳሉ ያሠለጠኗቸው ስዊድናውያን ናቸው። በ1944 ዓ.ም. በምክትል የመቶ አለቅነት ማዕረግ፣ የአንድ መቶ አዛዥ ሆነው ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ዘመቱ። ቃኘው ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ለደቡብ ኮሪያ እንዲዋጋ የላከችው ጦር ነው። የመጀመሪያው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ፑሳን ከገባ በኋላ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመድቦ ሲዋጋ ቆይቷል። ሁለተኛው የተተካው በዚያው ቦታ ነው።

ደብተሩ ትንሽ ነው፤ ደረት ኪስ ይገባል። በእርሳስ የተጻፈው የእያንዳንዱ ወታደር ስም፣ የትውልድ አገር፣ የቅርብ ዘመድና የጫማ ቁጥር ነው። አንዱ ከጅሩ፣ አንዱ ከጎሬ፣ አንዱ ከጨርጨር ነው። በአንድ ወታደር ስም ጎን «ግራ እግሩ በየማታው ይታይ» ይላል። ስለ ጠላት የተጻፈ ነገር የለበትም።

የኮሪያ ክረምት የበረዶ ነው። ምሽግ ውስጥ ቆሞ የሚያድር ሰው እግሩ ሳይታወቀው ይደነዝዝና ይጠቁራል። አያቴ ማታ ማታ ከምሽግ ምሽግ እየዞሩ ጫማ ያስወልቁ ነበር። ችግሩ ወታደሩ እሺ አለማለቱ ነው፤ በአለቃ ፊት ባዶ እግርን መዘርጋት ነውር ነዋ! ስለዚህ ቀድመው መሬት ላይ ቁጭ ይሉና የራሳቸውን ጫማ ያወልቃሉ። ከዚያ ወዲያ ማን እምቢ ይላል? አንዱ ሽማግሌ አሥር አለቃ ግን እስከ መጨረሻው ፊቱን አዙሮ ነበር የሚያወልቀው።

በጥቅምት 1945 ዓ.ም. በኩምህዋ አካባቢ ትሪያንግል በተባለው ኮረብታ ላይ የተደረገውን ውጊያ አንሥተው ብዙ አይናገሩም ነበር። የሌሊት ቅኝትን ግን ይተርካሉ። ሲወጡ በጨለማ የእያንዳንዱን ትከሻ እየነኩ ይቆጥራሉ፤ ሲመለሱም እንደዚያው። ቁጥሩ ካልሞላ ማንም ወደ ምሽግ አይገባም። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከሦስተኛው ቃኘው የመቶ አለቃ ማሞ ሀብተወልድ አሥራ አራት ኢትዮጵያውያንና አንድ አሜሪካዊ ይዘው ከሰሜን ኮሪያ ጎን በተሰለፉ ሦስት መቶ ያህል ቻይናውያን ሲከበቡ፣ አያቴ ተመልሰው አዲስ አበባ ነበሩ። ወሬውን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት «ስንቱ ተመለሰ?» ብለው ነው አሉ።

ስለ ቃኘው በተነሣ ቁጥር ሰው የሚደጋግመው የድል ብዛት ነው። እኔን የሚያኮራኝ ሌላ ነው፦ ከ120 በላይ ወገኖቻችን ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም የተማረከ የለም። የሞቱትም ባዕድ አፈር ላይ አልቀሩም፤ አስከሬናቸው አገሩ ገብቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል። ይህ የሆነው ትከሻ የሚቆጥሩ መኮንኖች ስለነበሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ደስ አይልም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አደረጉ፤ ሙከራው ሲከሽፍ ክብር ዘበኛ ተበተነ። አያቴም ወደ ሐረር ተዛወሩ፤ በሻምበልነት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኦጋዴን ውስጥ ኖሩ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ደግሞ ለደቡቡ መዋጋት የሚያስጠይቅ ነገር ሆነ። የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያቸውን ከነሰማያዊና ነጭ ጥብጣቡ ሴት አያቴ ትራስ ውስጥ ሰፍተው አኖሩት። ለአገሩ ታዝዞ የዘመተ ሰው ሜዳሊያውን በገዛ ቤቱ መደበቁ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደብተሩን ግን አልደበቁትም። ከስማቸው ፊት መስቀል የተደረገባቸው ወታደሮች አሉ። አያቴ እንደተመለሱ ፈቃድ ጠይቀው ወደየቤተሰቦቻቸው ሄደዋል፤ ጎሬ ድረስም ዘልቀዋል። ለአንዲት እናት ልጃቸው እንዴት እንደሞተ ብቻ ሳይሆን ምን ይበላ እንደነበር፣ ከማን ጋር ይተኛ እንደነበር ሲያጫውቱ እንዳደሩ ነግረውኛል። የደረሱበትን ቀን በየስሙ ሥር ጽፈውታል። ቀን ያልተጻፈበት አንድ ስም አለ፤ ዘመዱ አልተገኘም። የትውልድ አገሩ ጅሩ ነው ይላል። ከጅሩ ከሁለተኛው ቃኘው ጋር ዘምቶ ያልተመለሰ ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ስለ እርሱ የተጻፈውን ሙሉ ገጽ ይዤ እመጣለሁ።