ሁለቱን ገጽ የቆረጥኩ ቀን

ወደ ቴአትር የገባሁት በሂስ በኩል ነው። ማታ አያለሁ፣ ሌሊቱን እጽፋለሁ፣ ጠዋት አስረክባለሁ። ያኔ አንድ ቴአትር ካልጣመኝ ጥፋቱን በቀጥታ ጸሐፊው ላይ ነበር የምጥለው። አዘጋጁ ምን እንደሚሠራ በደንብ አልገባኝም ነበርና።

ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ የሩሲያዊው ጸሐፊ የቼኾቭ ተውኔት «ሲጋል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ሲታይ ተመልካቹ ጮኸበት። በ1898 ስታኒስላቭስኪና ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ የተባሉ አዘጋጆች ሞስኮ ላይ አዘጋጁት፤ ያንኑ ተውኔት ተመልካቹ በጭብጨባ ተቀበለው። ይህን ሳነብ የድሮ ጽሑፎቼን አውጥቼ አየኋቸው። ስንቱን ጸሐፊ ያለ ጥፋቱ ወቅሼዋለሁ!

ከዚያ ራሴ መጻፍ ጀመርኩ፣ የጻፍኩትንም ራሴ አዘጋጀሁ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ስለ ሐዘኗ ሁለት ገጽ ሙሉ የምትናገርበት ቦታ ነበር፤ ከጻፍኩት ሁሉ የምወደው እሱን ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ተዋናይዋ ቃሉ ጠፋባት። ዝም አለች። ቃሉን እያሰበች ሳለ እጇ ወንበሩ ላይ ወደተሰቀለው የባሏ ኮት ሄደና ትከሻው ላይ የተጣበቀች ክር አነሳች፣ ኮሌታውን አስተካከለች፣ ልክ ሰውየው ለብሶት ሊወጣ እንደሆነ ሁሉ። መብራት የሚሠራው ልጅ ሳይቀር ሥራውን አቁሞ ያያት ነበር። ሁለቱን ገጽ ቆረጥኩ። ለጥቂት ቀናት በጣም ከፍቶኝ ነበር፣ እውነት ለመናገር።

አሁን የራሴን ተውኔት ሳዘጋጅ ተዋናዮቹ «እዚህ ጋ ምን ማለትህ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ አልመልስም። ጽሑፉ ላይ ከሌለ የለም። ተመልካች ሲገባ ደግሞ መጨረሻው ረድፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሳሉን እሰማለሁ። ሰው ሲሰለቸው ያስላል፣ ወንበሩ ላይ ይገላበጣል። ሦስት ማታ እዚያው ቦታ ላይ ካሳሉ ያ ገጽ ችግር አለበት ማለት ነው፣ ክርክር የለውም።

ሂሱን አልተውኩም። አሜሪካዊው ሃሮልድ ክለርማን ለብዙ ዓመታት እያዘጋጀ ሂስም ይጽፍ ነበር፣ ይቻላል። አብሬያቸው በሠራኋቸው ሰዎች ላይ ግን አልጽፍም። ሌላውን ከቻልኩ ሁለቴ አየዋለሁ፤ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ተመልካች፣ ቀጥሎ ተውኔቱን አንብቤ፣ ጽሑፉ ላይ የሌለውን ብቻ እየመዘገብኩ። የዚያ ኮት ዓይነት ነገር የሚገኘው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው።