እማዬ የሰማቻቸው መጻሕፍት

ዛሬ ጳጉሜን 3 ነው፤ 2017 ዓ.ም. ሊሰናበት ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከአራት ዓመት ወዲህ በየመስከረሙ አንድ ደብተር እየገዛሁ ያነበብኩትን መጽሐፍ ርእስ፣ የጀመርኩበትንና የጨረስኩበትን ቀን እመዘግባለሁ። በ2016 ዓ.ም. 31 መጻሕፍት መዝግቤ ነበር። ዘንድሮ የተመዘገቡት 7 ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ ከአምናዎቹ ውስጥ ዛሬ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ልተርከው የምችለው ከአምስት አይበልጥም፤ የዘንድሮዎቹን ሰባቱን ግን የትኛው ነገር በየትኛው ገጽ እንዳለ ጭምር አስታውሳለሁ። ምክንያቱ እናቴ ናት።

እማዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀፊራ ገበያ አትክልት ስትነግድ የኖረች ሴት ናት። ባለፈው ጥቅምት ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋርደው ፊደል መለየት አቃታት፤ ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ስኳሯ እስኪስተካከል መቆየት ነበረበት። ዳዊቷን በቃሏ ስለምታውቀው ለጸሎት አልተቸገረችም፤ የጨነቃት የድሬዳዋን ረጅም ቀትርና ምሽት በምን እንደምትገፋው ነበር። አንድ ማታ በረንዳው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ሳነብ «አንተ፣ ምን ቢያገኝህ ነው እንዲህ ለብቻህ የምትጠፋው? ጮክ ብለህ አንብበው እንጂ!» አለችኝ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ፣ መብራት በጠፋባቸው ቀናት እንኳ በስልክ ብርሃን፣ በየማታው አንድ ሰዓት ያህል አነብላታለሁ።

የጀመርነው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። እማዬ መጽሐፉን የምታውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምታ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች ድምፄን ከእሱ ድምፅ ጋር ስታስተያይ እንደነበር ከፊቷ ይታወቀኝ ነበር። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ ብዬ አምን ነበር። ጮክ ብሎ ማንበብ ግን መዝለልን አይፈቅድም። ጉዱ ካሣ ከሰው ሁሉ ተለይቶ ስለ ሥርዓቱ የሚናገራቸውን ረጃጅም ንግግሮች፣ ወደ በዛብህና ወደ ሰብለ ወንጌል ቶሎ ለመመለስ ስል ሁለቱንም ጊዜ በዓይኔ ብቻ ዳስሼ እንዳለፍኳቸው የተረዳሁት ዘንድሮ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ትንፋሽ ለመውሰድ ስቆም ነገሩ ጆሮዬ ውስጥ ይቀራል፤ እማዬም በዚያች ክፍተት ገብታ «መለስ በል፣ ካሣ ያላትን ድገማት» ትለኛለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ በዋነኛነት የፍቅር ታሪክ ነው የሚለውን የቆየ አስተያየቴን የቀየርኩት በእነዚህ መደጋገሞች ነው፤ አሁን የመጽሐፉ አከርካሪ ጉዱ ካሣ ይመስለኛል። እማዬን ከሁሉ ያስገረማት ግን በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚሰማው «እርስዎ» ብዛት ነው። ድሬዳዋ ልጅም ሽማግሌም «አንተ» የሚባባልባት ከተማ ናት፤ «እንዲህ እየተከባበሩ እንዴት ተጨካከኑ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ዓመቱን የዓመቴ ያደረገው መጽሐፍ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። የመረጥኩት በከተማዬ ምክንያት ነበር። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ገብረ ሕይወት በዚያ ዘመን የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው የጉምሩኩ አለቃ ነበሩ፤ አገሪቱ የምትሸጠው ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ የምትገዛው ጨርቅና ብረታ ብረት ሲገባ በእጃቸው ያልፍ ነበር ማለት ነው። ከቤታችን ወደ ከዚራ በሚወስደው መንገድ ላይ በልጅነቴ በየቀኑ የማየው አሮጌው ምድር ባቡር ጣቢያ፣ ይህን መጽሐፍ ካነበብኩ ወዲህ በዓይኔ ሌላ ሆኗል።

መጽሐፉ ቀላል አይደለም፤ አማርኛው ጥርት ያለ ቢሆንም አሳቡ ጥቅጥቅ ያለ ነው። እማዬን ያሰለቻታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን ሸጦ የተሠራ ዕቃ ሲገዛ የብዙ ቀን ድካሙን ለጥቂት ቀን ሥራ እንደሚለውጥ፣ በዚህም ነፃነቱ ሳይቀር በሌላው እጅ እንደሚወድቅ የሚያስረዳው ክፍል ላይ ስደርስ አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ለእሷ ሳይሆን ለራሴ ስላልገባኝ ነው። እሷ የቡናዋን ሲኒ መሬት ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦ «እኛ ቲማቲሙን በሣጥን እንሸጣለን። ነገ ይበሰብስብናል እያልን በተጠየቅነው ዋጋ እንለቀዋለን። ያው ቲማቲም ድልህ ሆኖ በቆርቆሮ ታሽጎ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ዋጋው አይነካም፤ ሱቅ ውስጥ ዓመት ቢቆይም ባለቤቱ አይቸኩልም። ሰውየው የሚሉት ይሄንን አይደለም?» እኔ የኢኮኖሚክስ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ፤ ነገሩን እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ መምህር አላስታውስም፤ በተለይ የሻጩ መቸኮል ራሱ የዋጋው አካል መሆኑን ከዚያ ምሽት በፊት አስቤው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ስለ ጉምሩክና ስለ ቀረጥ ሳነብላት፣ በወጣትነቷ ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር ሴቶች ልብስ በልብስ ላይ ደራርበው ኬላ እንዴት ያልፉ እንደነበር እየነገረችኝ መጽሐፉ ተዘግቶ የሚያመሽበት ጊዜ በረከተ። 180 ገጽ የማይሞላውን ቅጂዬን ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀብን።

ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ሲሞቱ ዕድሜያቸው ከሠላሳዎቹ መጀመሪያ አላለፈም ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። ይህን ስነግራት እማዬ ዝም ብላ ቆየችና «ሳያዩት?» አለች። በማግሥቱ ጠዋት በጸሎቷ ውስጥ ስማቸውን ስትጠራ ሰማኋት።

ሦስተኛው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ነው፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ማለት ናቸው። እማዬ ሐረር ጀጎል ውስጥ ስለተወለደች፣ በልጅነታቸው በራስ መኰንን እጅ ሐረር ያደጉበትን፣ ወደ ዐድዋ የዘመቱበትንና ኋላም ለትምህርት ሩሲያ የሄዱበትን ታሪክ እንደ ጎረቤት ወሬ ነው የሰማችው። ሰኔ ላይ ዘመድ ለመጠየቅ በሚኒባስ ወደ ሐረር ስንወጣ፣ ደንገጎን አልፈን ነፋሱ ሲቀዘቅዝ፣ ያነበብኩላትን እሷ ለአጠገቧ ተሳፋሪ ስትተርክለት ነበር፤ ከእኔ አነባበብ የእሷ አተራረክ ይበልጣል።

ስለቀሩት አራት መጻሕፍት ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁለቱ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበሎች ናቸው፣ አንዱ የግጥም፣ አንዱን ደግሞ እማዬ በሃያኛው ገጽ ላይ «ይሄ ሰው የሚያወራው ከራሱ ጋር ነው» ብላ ስላስቆመችኝ ለብቻዬ ጨረስኩት። ትክክል ነበረች።

የዓይን ቀጠሮዋ ለጥቅምት ተቆርጧል። ለአዲሱ ዓመት የገዛሁትን ደብተር አሳይቻት፣ በመስከረም የቱን እንጀምር ብዬ ጠየቅኋት። አዲስ መጽሐፍ አልፈለገችም፤ ስለ ንግድ የሚያወራውን የነጋድራሱን ክፍል እንደገና አንብብልኝ አለች፤ ይህን ጊዜ ግን ቀፊራ አብረዋት ይነግዱ የነበሩት ሁለት ጓደኞቿ ባሉበት፣ እሑድ ከቡናው ጋር።