ሙት ወቃሽ አያድርገኝ

ነሐሴ 15 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት። ካዛንቺስ እናቴ ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እልጣለሁ። እህቴ እሑድ ልታገባ ነው። የሰፈሩ ሴቶች የሽንኩርቱን ክምር ከበው ቢላ ይዘዋል፤ "ያሜሪካ ሰው ሽንኩርት ሲልጥ አየን!" እያሉ ይስቁብኛል። እኔም እልክ ይዞኝ ባልተወው ዓይኔ እንደ ቧንቧ ይወርዳል።

ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ተከፍቶ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ዋሽንት ነው፤ ቀጥሎ የእናቴን "ኧረ ዝም በሉ!"። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሰኞ ማታ 5 ሰዓት ከ40 ላይ፣ ውጭ አገር በሕክምና ላይ እንዳሉ ማረፋቸው ተነገረ። 57 ዓመታቸው ነበር፤ 21ዱን ሥልጣን ላይ አሳልፈዋል።

ዱብ ዕዳ ነው እንዳልል ከሰኔ አጋማሽ ወዲህ በአደባባይ አልታዩም። ሐምሌ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ሲካሄድ እንኳን አልነበሩም። አገር ቤት "እያገገሙ ነው" ይባላል፤ እኛ ውጭ ያለነው ገድለን ቀብረናቸው ነበር። እኔ በበኩሌ ከመምጣቴ በፊት "ሞተ" ሲባል ሁለት ጊዜ ቢራ ጋብዣለሁ።

ሴቶቹ ቢላቸውን ጥለው ተነሱ። ከጎን ግቢ እትዬ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ከሁለት ዓመት በፊት ኮንዶሚኒየም በዕጣ የደረሳቸው ሴት ናቸው፤ ስለ ሰውየው ክፉ ሲነሳ አይወዱም። እኔን ሲያዩ ቆሙ። "አይ ልጄ፣ አንተም?" ብለው አቀፉኝ። ቢላውን እንደያዝኩ እቅፋቸው ውስጥ ቀረሁ። ሽንኩርቱ ነው ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

እንግዲህ እኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ምርጫ 97ን ተከትሎ በተነሳው ግርግር አጣሪ ኮሚሽኑ ኋላ እንዳረጋገጠው 193 ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ የታፈሰውማ ቁጥር የለውም። ታናሽ ወንድሜን ያን ጊዜ ከደጃፍ ወስደውት ከወር በላይ የት እንዳለ አናውቅም ነበር። ራሱን ተላጭቶ፣ የሌላ ሰው ሹራብ ለብሶ ተመለሰ። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እኔ በ1999 ዲቪ ደርሶኝ ወጣሁ። ዋሽንግተን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት እየቆረጥኩ፣ በእረፍት ቀኔ ስቴት ዲፓርትመንት ፊት ለፊት ባንዲራ ይዤ ስጮህ አምስት ዓመት አለፈ። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 ወንበር 545ቱን ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ሲወስዱት ጩኸታችን ባሰ። ግንቦት 10 ቀን 2004 ጋዜጠኛ አበበ ገላው እዚያው ዋሽንግተን አዳራሽ ውስጥ ተነስቶ ሲጮህባቸው፣ እሳቸውም አንገታቸውን ሲደፉ የሚያሳየውን ቪዲዮ ቁጥሩን እስክስት አይቼዋለሁ። እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ሲፈረድበት ደግሞ እኔ ለሠርጉ ሻንጣ እያሰርኩ ነበር።

ይህን ስጽፍ "እሳቸው" እንዳልኩ ልብ ብላችሁ ይሆናል። ዋሽንግተን እንዲህ የሚል ጓደኛ የለኝም። ያን ዕለት ጠዋት ለወንድሜ "እሱዬው ሞተ አይደል?" ስለው እናቴ ከኋላ ሰምታኝ "የሞተ ሰው አንቱ ነው!" አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ምላሴ አልመለስ አለኝ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ዋሽንግተን ሌሊት ነው፤ ልጆቹ ሳይተኙ አንድ ምግብ ቤት ተሰብስበዋል። አንዱ ጓደኛዬ "ሰማህ ወይ?" ከማለቱ ከኋላው እልልታው ቀለጠ። ለእናቴ ጆሮ የስልኬ ድምፅ ከፍ ያለ ነበር። ቀና ብላ "ለእህትህ ነው?" አለችኝ፤ ፊቷ በራ። እኔ አፌን ከፍቼ እንደቆምኩ ስልኩን ተቀብላ "አሜን! አሜን! በእናንተም ይድረስ፣ ወልዳችሁ ዳሩ!" ብላ መረቀቻቸው። ጓደኛዬ ለአንድ አፍታ ዝም አለ። ከዚያ፣ ያሳደጉት ልጅ ነውና፣ "አሜን፣ እማማ" አለ።

ያን ሰሞን ከተማው ቀድሞውንም ጥቁር ለብሶ ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ነሐሴ 10 አርፈው ገና አልተቀበሩም። እሑድ ነሐሴ 13 ቡሄና ኢድ አንድ ላይ ውለው ሰፈሩ ሲደምቅ አምሽቷል፤ ማክሰኞ ይህ መጣ። እናቴ ከሰዓት በፊት ዘይትና ጤፍ ልትጨምር ሱቅ ሮጠች። "ለሠርጉ አልበቃም?" ስላት "ነገ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል" አለች። ልብ በሉ፣ የዕለቱ ትልቁ ስሜት ደስታም ሐዘንም አልነበረም። እንዲህ ዘይት መግዛት ነበር።

ማታ አስከሬኑ ቦሌ ሲገባ ከወንድሜና ከጋሼ ጋር፣ ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ በእስጢፋኖስ በኩል ወርደን መስቀል አደባባይ ቆምን። ዝናብ ነው። ሰዉ ጧፍ ያበራል፣ ይጠፋል፣ ያበራል። አጠገቤ የቆመ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ውኃ ሆኖ ይንሰቀሰቃል። እኔ ደግሞ ጠያቂ ነኝ፤ "ትወዳቸው ነበር?" አልኩት። ገርሞት አየኝ። "እኔ እንጃ። ከተወለድኩ ሌላ ሰው አላየሁም" አለኝ። አንዱ ወዲያ ማዶ እያለቀሰ ስልክ ተደወለለት፤ እንባውን በክርኑ ጠርጎ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ተከራክሮ ጨርሶ ሲያበቃ ካቆመበት ቀጠለ። አስመሳይ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ልነግራቸው አስቤ ነበር። ግን የራሴ አባት ሲሞት እኔም በለቅሶው መሀል የድንኳን ኪራይ ተከራክሬያለሁ።

ጋሼ ሰውየውን አይወዳቸውም። በአሰብ ምክንያት፣ ያለ ባሕር በር አስቀሩን ብሎ፣ ስማቸውን እንኳን አይጠራም። "ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?" አልኩት። እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፦

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝና እኔ ለሱ አልመጣሁም። ንግሥት ዘውዲቱ በ1922 ካረፉ ወዲህ በዚህ አገር ሥልጣን ላይ ሆኖ ሞቶ በወግ የተቀበረ መሪ የለም። ጃንሆይ በ67 ሲሞቱ በሬዲዮ ነው የሰማነው። ለቅሶ የለ፣ ድንኳን የለ፤ አባቴ በሩን ዘግቶ ትራስ ነክሶ አለቀሰ። አፅማቸው የተቀበረው ከ25 ዓመት በኋላ ነው። መንግሥቱ ሸሸ። አሁን መንግሥት ሲቀበር ሳላይ ልሙት?"

ይህን ካለ በኋላ መኪናው ሲያልፍ ባርኔጣውን አወለቀ። ወንድሜ ግን አላወለቀም፤ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ድረስ ጎትቶ ቆመ። የመጣው እሱ ነው "እንሂድ" ብሎ፤ ለምን እንደመጣ ግን አልጠየቅኩትም። ያን ራስ ተላጭቶ ሳየው ያልጠየቅኩትን ዛሬ በዝናብ ምን ብዬ ልጀምር?

ሐሙስ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ደወለ። እስከ ቀብሩ ድረስ ብሔራዊ ሐዘን ነው፤ ሙዚቃ የለም፣ ዲጄ የለም፣ ጭፈራ የለም። "ምግቡን ግን እናቀርባለን" አለ። ባንዱን ቀጥሬ ቀብድ የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ በዶላር። ቀብዱም አልተመለሰም፤ "ከአቅም በላይ" ተባልኩ። ጉድ እኮ ነው፤ ሰውየው አምስት ዓመት ስጮህባቸው ኖረው፣ ሞተው የእህቴን ዘፈን ወሰዱ ብዬ ስልክ ላይ ለጓደኛዬ ስነግረው ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ሠርጉ ይራዘም ተባለ። ጳጉሜ ላይ እኔ የለሁም፤ ቲኬቴ ነሐሴ 29 ነው። ሽማግሌዎቹ ከሙሽራው ቤተሰብ ጋር ተመካክረው "ጋብቻ በሐዘን አይፈርስም፤ ድምፅ ይቀነስ" አሉ። ድግሱ ወደ ግቢያችን ዞረ፤ ድንኳን ተተከለ። ያን ሰሞን ድንኳን የተተከለበት ቦታ ሁሉ የማን ለቅሶ እንደሆነ ግልጽ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት የማናውቃቸው ሴቶች ጥቁር ነጠላ እንዳዘቀዘቁ ገብተው ወንበር ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። እናቴ የሠርግ ድንኳን ነው አላለቻቸውም። ቡና ሰጥታ "እግዜር ያጽናን" ብላ ሸኘቻቸው። አንድ ወረቀት የያዘ ልጅም መጥቶ ከየቤቱ ማን ወደ ቤተ መንግሥት ለስንብት እንደሚሄድ ስም መዘገበ። ከእኛ ቤት ጋሼ ተመዘገበ። ወንድሜም ሳይጠየቅ ስሙን አስጻፈ።

እሑድ ነሐሴ 20 እህቴ ነጭ ለብሳ ወጣች። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ሙሽራው በር ላይ ሲደርስ ሚዜዎቹ "ሰርገኛ መጣ" ለማለት እንኳን በሹክሹክታ ሆነባቸው፤ ሃያ ጎልማሳ አንሾካሹኮ ሲዘፍን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እትዬ ከጎን ግቢ ጥቁር ነጠላቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቅለው ገቡ። ለሰውየው ከልባቸው ያለቀሱ ሴት እሳቸው ናቸው፤ ሙሽራዋ ደጃፍ ስትረግጥ ግን አላስቻላቸውም። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እልል አሉ። ድምፁ በጣታቸው መሀል ሾልኮ ወጣ። እናቴ ደንግጣ ወደ አጥሩ አየች፤ ማንም አልመጣም። እትዬ በነጋታው ጥቁሩን መልሰው ለበሱት።

ስለ ቀብሩ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁላችሁም አይታችሁታል። ነሐሴ 27 እሑድ መስቀል አደባባይ የአፍሪካ መሪዎች ተደረደሩ፤ በተመድ የአሜሪካ አምባሳደር የነበረችው ሱዛን ራይስ ተነስታ ሰውየው ለሞኞችና ለደደቦች ትዕግሥት አልነበራቸውም ብላ ስትናገር፣ ወንድሜ ሶፋው ላይ ተጋድሞ "እኔን ነው" አለ። በዚያ ሁለት ሳምንት ስለ ጉዳዩ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ። ጃንሆይም እዚያ ናቸው።

ዋሽንግተን ስመለስ ያገኘሁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፦ "ለቅሶው የውሸት ነው አይደል?" የውሸትም ነበር፣ የእውነትም ነበር፣ ስም የተመዘገበበትም ነበር፤ አንዱ ሰው ውስጥ ሦስቱም አብረው ነበሩ ስል አንዱ "አገር ቤት ቦታ ሰጡህ እንዴ?" አለኝ። እዚያው ሰሞን ደግሞ ጥቁር ለብሶ የሚነዳ የታክሲ ሰው፣ "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ግን..." ብዬ ስለ 97 ገና ስጀምር፣ መኪናውን ዳር አስይዞ አወረደኝ። በአንድ ሳምንት ከሁለቱም ወገን ተባረርኩ ማለት ነው። ስቴት ዲፓርትመንት ፊት ለፊት መሄዴን አልተውኩም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ምክንያት ነበር። "ነፍስ ይማር" ልበል አልበል የሚለውን ግን እስካሁን አልወሰንኩም። ወንድሜ ይበል እንጂ እኔ ምን አገባኝ እላለሁ፤ እሱ ደግሞ አይልም።

ያ ግቢ ዛሬ የለም፤ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። የቀረኝ የሠርጉ ዲቪዲ ነው። ካሜራማኑ ዝም ያለ ሠርግ ማስረከብ አፍሮ፣ ቤቱ ሄዶ ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ጭኖበታል። ከበሮው ይደልቃል፤ ሰዉ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል። እናቴ በተዘጋ መስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ያን ሌሊት እልል ያለው ጓደኛዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ መጥቶ ሲያይ "ቤተሰብህ ግን ጭፈራ አይወድም እንዴ?" አለኝ።

ድምፁን አጥፍቼ ከመጀመሪያው መለስኩለት።