ሀንጂና የሐምሌ ሙቀት

ጆንጁ በወረቀቷ የታወቀች የደቡብ ኮሪያ ከተማ ናት። እዚያ ስኖር ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሰው ሰብስበን፣ ሀንጂ የሚባለውን ባህላዊ ወረቀት መሥራትና በእንጨት ቅርጽ ማተም ጀመርን። የመጀመሪያው ወር ከሸፈብን።

ሀንጂ የሚሠራው ከዳክ ዛፍ ልጥ ነው። ዳክ የእኛ ሾላ ዘመድ ነው። ልጡ በአመድ ውሃ ይቀቀላል፣ ይታጠባል፣ እስኪልም ይወቀጣል። ከዚያ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ይበተናል። ቃጫው እንዳይቋጠር ደግሞ ከባሚያ ዘመድ ሥር የሚወጣ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ስትነኩት ቁርጥ የተልባ ውሃ ነው።

እኛን ጉድ የሠራን እሱ ነው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆች ይመጣሉ ብለን በሐምሌ ጀመርን። የኮሪያ ሐምሌ እንደ አገራችን አይበርድም፣ ያፍናል። ሙቀቱ ፈሳሹን አቀጠነው። ውሃው በቀርከሃው ወንፊት ሽው ብሎ ወረደ፣ ቃጫው አንድ ጥግ ተከመረ። አንዲት ልጅ ያወጣችው ወረቀት መሃሉ ተበስቶ ልታለቅስ ደረሰች። ልጅነታቸውን ልጥ ሲልጡ ያሳለፉ አንዲት አሮጊት ጣታቸውን ገንዳው ውስጥ ነከሩና «ልጄ፣ ይሄ የብርድ ሥራ ነው» አሉኝ። አስቀድሜ እሳቸውን መጠየቅ ነበረብኝ።

ወረቀት መሥራቱን ለታኅሣሥ አቆየነው። እስከዚያ በተገዛ ሀንጂ ማተም ያዝን። እዚህም ተሳስቼ ነበር፤ በታሪክ ጀመርኩ። ጂክጂ የተባለው የቡድሂስቶች መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1377 ቾንግጁ በምትባል የኮሪያ ከተማ ውስጥ በብረት ፊደል እንደታተመ፣ ዛሬም ፓሪስ እንደሚገኝ ተረኩ። ሰው በትህትና አዳመጠኝ፣ በቃ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ዝም ብዬ ትንንሽ ጣውላ አደልኩና «የምትወዱትን ሰው ስም በመስታወት እንደሚታይ ገልብጣችሁ ቅረጹ» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ሰዓቱ ሲያልቅም የሚነሳ ጠፋ። ጥያቄው ያኔ መጣ፤ ድሮ እንዴት ነበር? ሄኢንሳ ገዳም ያሉትን ከ80,000 በላይ የተቀረጹ ጣውላዎች ስነግራቸው፣ አንዱን ስም ለመቅረጽ ሁለት ሰዓት የፈጀ ሰው የቁጥሩን ክብደት አወቀው።

ቀለሙን በስሱ መቀባት፣ ወረቀቱን አልብሶ ጀርባውን ማሸት ነው። ሀንጂ ቃጫው ረጅም ስለሆነ ቢሳሳም በቀላሉ አይቀደድም።

ታኅሣሥ ላይ በአንድ ገንዳ ከስድስት ሰው በላይ አላስገባንም። አሮጊቷ ወንፊቱን ወደፊት ወደኋላ፣ ግራ ቀኝ ሲያወዛውዙ ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ እጃቸውን ታያለች። ከዚያ ተራዋ ደረሰ። ወረቀቷ ሲደርቅ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፣ ብርሃን ላይ ዘርግታም ቀዳዳ ፈለገችበት። አጣች።