ስክሪኑ «ተመዝግቧል» ብሎ ነበር

ክረምት ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዩፒኤስ ባትሪው ካረጀ ቆይቷል፤ አንዴ ጮኸና አብሮ ጠፋ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ ሥራ ቀጠለ። እኔም ወደ ሌላ ጉዳይ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ባለጉዳይ ደረሰኙን ይዞ ተመልሶ መጣ። ደረሰኙ ላይ ያለው የዕለቱ ተራ ቁጥር 31 ነው። ሲስተሙ ላይ ግን በ31 ቁጥር የተመዘገበችው ሌላ ሴት ናት። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁጥር፣ ሁለት ደረሰኝ።

ገንዘብ ቤት የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በጥራዝ በሚሠራበት ዘመን በራሪው ለከፋዩ ይሰጣል፣ ቀሪው ጥራዙ ላይ ይቀራል። በራሪ ተገኝቶ ቀሪ ከጠፋ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀርበው ለገንዘብ ተቀባዩ ነው።

የእኛ ገንዘብ ተቀባይ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ኃላፊያችን አስጠርቶ ሲጠይቃቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄ፣ እኔ አስገብቻለሁ። ተመዝግቧል ብሎኛል። ደረሰኙንም ያወጣው እሱ ራሱ ነው» አሉ፣ በእጃቸው ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከቱ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። እኔም ምንም ሳላጣራ «ሴቭ ሳያደርጉ ቀርተው ይሆናል» አልኩ።

ይህን ቃል ባልተናገርኩት ብዬ ዛሬም እመኛለሁ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ካዝናው ተቆጠረ። ሲስተሙ ከሚለው በላይ የ11 ሰው ክፍያ ተገኘ። ብሩ አለ፤ የሌለው መዝገቡ ነው። እትዬ ከመሳቢያቸው አንድ ደብተር አወጡ። ለራሳቸው ብለው የከፋዩን ስምና የብሩን መጠን በየተራው ይጽፉበታል። መብራት እስኪጠፋ ድረስ 38 ስም አለበት። ሲስተሙ የሚያውቀው 27ቱን ብቻ ነው። «ደብተር ላይ ማንም መጻፍ ይችላል» አለ ኃላፊው። እትዬ ምንም አልመለሱም። ደብተሩን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ማታ ሁሉም ሲሄድ የዕለቱን ፋይል ከፈትኩ። ፕሮግራሙ በየቀኑ አዲስ ፋይል ይከፍታል፤ ለእያንዳንዱ ከፋይ አንድ መስመር ይጽፋል። 27 መስመር ሙሉ ነው። ሃያ ስምንተኛው ግን ስሙ መሐል ላይ ተቆርጦ፣ መብራት ከመጣ በኋላ የተመዘገበው ሰው ስም እዚያው ላይ ተለጥፎበታል። መገጣጠሚያው ላይ ፊደል የለም፤ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ብቻ ነው ያለው።

ያ ምልክት ነው ያነቃኝ። ፊደላት ኮምፒውተር ውስጥ በሚጻፉበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ባይት ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚለካበት ትንሽ አሃድ ነው። ምልክቱ የሚመጣው ፊደሉ ራሱ ሲሰነጠቅ ነው፤ ከሦስቱ ባይት ገሚሱ ተጽፎ የቀረው ሳይጻፍ ሲቀር። ሰው ተሳስቶ እንዲህ ሊጽፍ አይችልም። ማንም የፊደል ሲሶ አይተይብም። የተቆረጠበትን ቦታ ከፋይሉ መጀመሪያ ቆጠርኩት። በትክክል 8,192 ባይት ላይ ነው። ሁለት ጊዜ 4,096 ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ኮምፒውተር ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

አንድ ተራ ፕሮግራም ዲስክን በቀጥታ አይነካም። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ሲፒዩ ቢያንስ ሁለት ዓይነት የሥራ ሁኔታ አለው። በአንዱ ተራ ፕሮግራሞች ይሠራሉ። በሌላው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ብቻ ይሠራል፤ ዲስኩን፣ ፕሪንተሩን፣ ኔትወርኩን የሚያዘው እሱ ነው። ይህ ባይሆን አንድ የተበላሸ ፕሮግራም የሌላውን ፋይል ሁሉ ሊያጠፋ ይችል ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጻፍ ሲፈልግ በሲስተም ኮል ከርነሉን ይጠይቃል።

እያንዳንዱ ጥያቄ ግን ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ እኔ የተጠቀምኩበት የሲ ላይብረሪ፣ ማለትም በሲ ቋንቋ ለሚጻፍ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ኮድ፣ በየመስመሩ ከርነሉ ጋ አይሄድም። ፕሮግራሙ ራም በሚባለው የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ ባፈር የሚባል ማጠራቀሚያ ይይዝና ጽሑፉን እዚያ ያጠራቅማል። ባፈሩ የሚሞላው 4,096 ባይት ላይ ነበር። ሲሞላ አንድ ላይ ያስረክባል፤ ባፈሩ ስለ መስመርም ስለ ፊደልም የሚያውቀው ነገር የለም፣ ባይት ብቻ ነው የሚቆጥረው። የእኛ አንድ መስመር 300 ባይት ገደማ ነው። ስለዚህ አሥራ ሦስት ሰው ያህል ከፍሎ፣ ደረሰኙን ኪሱ ከትቶ ሲሄድ፣ መዝገቡ ገና ከፕሮግራሙ እጅ አልወጣም። መብራት ሲጠፋ ራም ላይ ያለ ሁሉ ይጠፋል። አሥራ አንዱ ሰዎች የጠፉት እዚያ ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ከርነሉም የተረከበውን ወዲያው ዲስክ ላይ አይጽፍም። ራም አንድ ነገር ለማምጣት መቶ ናኖሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ ግን አንድ ዙር ለመዞር ብቻ ከስምንት ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ ክንዱ ቦታው እስኪደርስ ሲጨመርበት ከአሥር ሚሊሰከንድ ያልፋል። ልዩነቱ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ነው። የራሙን አንድ ሰከንድ ብንለው የዲስኩ ከአንድ ቀን ይበልጣል። ለአንድ ጭልፋ ጨው መርካቶ የሚወጣ የለም፤ ከርነሉም አጠራቅሞ ነው የሚሄደው። ሊኑክስ ላይ በተለመደው አሠራር የተረከበውን ጽሑፍ እስከ 30 ሰከንድ ያህል ራም ላይ ሊያቆየው ይችላል። የድሮው ዩኒክስም በየ30 ሰከንዱ ወደ ዲስክ የሚገለብጥ ፕሮግራም ነበረው። እኔ ይህ ጥፋት ነው አልልም። ይህ ባይኖር ማሽኖቻችን ሁሉ ይንፏቀቁ ነበር። ጥፋቱ «ተመዝግቧል» የሚለውን ቃል የት ላይ እንደማስቀምጥ ያላሰብኩት የእኔ ነው። ቃሉን ያስቀመጥኩት መስመሩ ባፈር ውስጥ እንደገባ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባሁና እትዬ ደብተራቸውን ይዘው እንዲመጡ ጠየቅኩ። ፋይሉ ላይ የተቆረጠውን ስም አነበብኩ። የአያቱ ስም ሁለተኛ ፊደል ላይ ይቆማል። «እትዬ፣ ሃያ ስምንተኛው ማን ነው?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሙሉ ስሙን አነበቡ። ፋይሉ የጀመረውን ደብተራቸው ጨረሰው። ኃላፊው ሁለቱን አስተያየና ወንበሩን ስቦ እንዲቀመጡ ጋበዛቸው። እኔም ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ እሱም ባለበት፤ የከሰስኳቸው እሱ ፊት ነበርና። «አይ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» ነበር መልሳቸው። አሥራ አንዱን ከፋዮች ከደብተራቸው ላይ እያየን መልሰን አስገባን። ሁለት ጊዜ የወጡት ቁጥሮች በቃለ ጉባኤ ተያዙ።

ፕሮግራሙን ያስተካከልኩት በዚያው ሳምንት ነው። የጨመርኩት ሁለት መስመር ነው። አንዱ ባፈሩን ለከርነሉ ያስረክባል። ሌላው፣ ኤፍሲንክ የሚባለው ሲስተም ኮል፣ ከርነሉ ዲስኩ ላይ እስኪጽፍ ድረስ ፕሮግራሙን ያስጠብቀዋል። «ተመዝግቧል» የሚለውን ከእሱ በኋላ አደረግኩት፤ ደረሰኙም የሚታተመው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ከፋይ የሚጨምረው ጥቂት አሥር ሚሊሰከንድ ነው። መስኮቱ ላይ የቆመ ሰው አያውቀውም። ዲስኩም የራሱ ትንሽ ማቆያ ስላለው የዩፒኤሱ ባትሪ እንዲለወጥ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ተገዛም።

ባትሪው ከመግባቱ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ እትዬን ጠርቼ የሙከራ ስሞች እንዲያስገቡ ለመንኳቸው። እሳቸው ያስገባሉ፣ ስክሪኑ «ተመዝግቧል» ሲል እኔ የሰርቨሩን ሶኬት እነቅላለሁ። መጀመሪያ ስነቅል ደንግጠው «ምነው!» አሉ። ማሽኑ ተነሣ፤ የመጨረሻው ስም ሙሉውን አለ፣ ቀጣዩ ቁጥርም ትክክል ነው። ከደብተራቸው ጋር አስተያዩትና ምልክት አደረጉበት።

«ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። አሥራ አንድ ጊዜ አስነቀሉኝ።