2147483647ን «ብቸኛ አይደለም» ያለው ፕሮግራም

ደሴ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብ፣ ቁጥር ብቸኛ (ፕራይም፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) መሆኑን የሚለይ የጃቫ ፕሮግራም ለተማሪዎች ልምምድ ተዘጋጅቶ ነበር። ለ97 ልክ መለሰ፤ ለ1000000007ም እንዲሁ። 2147483647 ሲገባበት ግን ቆይቶ ቆይቶ «ብቸኛ አይደለም» አለ። የላብ ረዳቷ ማሽኑ ያረጀ መስሏት በሌላ ሞከረችው፤ መልሱ ያው ሆነ።

«መምህር፣ ወላሂ ይሄ ቁጥር ብቸኛ ነው ብለውኝ ነበር።»

«አብሽሪ፣ ነው። አካፋይ አገኘሁ ካለ ማን እንደሆነ እንዲያሳይሽ አድርጊ።»

ያሳየው አካፋይ ራሱ 2147483647 ነበር።

ፕሮግራሙ ከ2 ተነስቶ በየተራ እያካፈለ ይሄዳል፤ አካፋዩ በራሱ ተባዝቶ ከቁጥሩ ሲበልጥ ማቆም አለበት። 46340 በራሱ ሲባዛ 2147395600፣ 46341 ደግሞ 2147488281 ስለሚሆን ማቆሚያው 46341 ነበር። ነገር ግን ኢንት (int) የተባለው ባለ 32 ቢት የጃቫ የቁጥር ዓይነት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2147483647 ነው። ብዜቱ ከዚያ ሲያልፍ ወደ ኔጌቲቭ ይዞርና -2147479015 ይሆናል፤ 65536 ላይ ደግሞ ጭራሽ 0። ከትልቁ ኢንት የሚበልጥ ኢንት ስለሌለ ማቆሚያው አይመጣም። አካፋዩ እየጨመረ ራሱ ቁጥሩ ላይ ይደርሳል፣ ቀሪው 0 ይሆናል፣ ፕሮግራሙም «አካፋይ ተገኘ» ይላል። መዘግየቱም ከዚሁ የመጣ ነው፦ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ማካፈል።

መጀመሪያ የተሞከረው ቁጥሩን ብቻ ወደ ሎንግ (long፣ ባለ 64 ቢቱ የቁጥር ዓይነት) መቀየር ነበር፤ ምንም አልረዳም። አካፋዩ ኢንት እስከሆነ ድረስ ብዜቱ ከመወዳደሩ በፊት በኢንት ይሰላል። አካፋዩም ሎንግ ሲሆን ይስተካከላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጭራሽ አለማባዛት ነው፦ ቁጥሩን ለአካፋዩ አካፍሎ፣ አካፋዩ ከድርሻው ሲበልጥ ማቆም። ይህ በየትኛውም የቁጥር ዓይነት አይሞላም።

ለሙከራ ትልቅ ቁጥር መምረጥ ብቻውን አይበቃም። በኢንት ውስጥ ያለ ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ ከ46341 በታች አካፋይ ስላለው ስህተቱን ይሸፍነዋል። ከ2147395600 በላይ ያለ ብቸኛ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ከእነዚህም የተሳሳተ መልስ የሚያወጣው ራሱ 2147483647 ነው።

የ2147483647ን ብቸኛነት የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ያረጋገጠው በ1772 በእጅ ስሌት ነው፤ ውበቱም እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ 2 ለ31 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ የሚገኝ ነው። 31 ብቸኛ ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ62 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት፤ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7። ሁለቱ ሲጣመሩ ለ248 ተካፍለው 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ ይቀራሉ። እስከ 46340 ድረስ፣ 63ን ራሱን ትተን (በ3 ይካፈላል)፣ 372 ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 249 እና 311 ሲሆኑ 249ም በ3 ስለሚካፈል ይወድቃል፤ 2147483647 በ311 ሲካፈል ደግሞ 35 ይተርፋል።

ላቡ ውስጥ መልሱን በሌላ መንገድ ለማመሳከር እንዲህ ላሉ ቁጥሮች (2 ተደጋግሞ ተባዝቶ 1 ለተቀነሰላቸው) የተዘጋጀው የሉካስ-ሌመር ፈተና ይበቃል፦ ከ4 ተነስቶ በራሱ ማባዛት፣ 2 መቀነስ፣ በ2147483647 ሲካፈል የሚተርፈውን መያዝ። 29 ጊዜ ሲደገም የሚተርፈው 0 ነው፤ ይህም ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን ያሳያል። ብዜቱ ሎንግ ውስጥ ይገባል፤ ኢንት ውስጥ ግን እንደገና ይዞራል።